የአይሪሾቹ መጠጥ ቤት ስልክ

ስልኩ ከባንኮኒው ጫፍ፣ ከብርጭቆ ማጠቢያው በላይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጥቁር፣ ከባድ፣ ገመዱ የተንዘላዘለ ስልክ ነው። ሰው ሁሉ ሞባይል በኪሱ ይዞ በሚዞርበት ጊዜ ይህ ለምን እንዳልተነቀለ ሥራ በጀመርኩ ሳምንት ጠየቅኩ። አሰሪዬ የድራፍት ማሽኑን አፍ እያጠበች ነበር።

«ሰው ሲሞት ይደውሉበታል» አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ቤቱ ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ነው፤ ከአንደርግራውንዱ ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ፣ ሁለት መንገድ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ። ስሙን አልጽፍም። ሦስት ጊዜ ስለተቀየረ አንዱን ብጽፍ የሌላው ዘመን ሰዎች ይቀየሙኛል። አሮጌዎቹ ደንበኞች እስካሁን የሚጠሩት በአሰሪዬ አባት ስም ነው፤ ሰውዬው ከሞቱ ቆይተዋል።

እኔ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ከወጡት አንዷ ነኝ። ሃይስኩል እንደጨረስኩ ነው የወጣሁት፤ ከዚያ በላይ አልተማርኩም። የመኖሪያ ወረቀቴ እስኪያልቅ ሃርልስደን አክስቴ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ተኛሁ። ወረቀቱ ካለቀም በኋላ እዚያው ሶፋ ላይ ነኝ። ከዚህ ሥራ በፊት ሆቴል አጽድቻለሁ፣ አረጋውያን ጦሬያለሁ፣ ፋብሪካ ውስጥ ዳቦ ላይ ቅቤ ቀብቻለሁ። ሁሉንም ተውኩ። አንድ ቦታ ቆሞ አንድ ነገር መሥራት አይሆንልኝም፤ እግሬን ይበላኛል። መጠጥ ቤት ግን ሰው ይመላለሳል፣ እኔም ከባንኮኒው ኋላ እመላለሳለሁ። ፈገግ በይ የሚለኝም የለም። አይሪሽ ሽማግሌ ፊቷን ያኮሳተረች አስተናጋጅ ይወዳል፤ ቤቱ ያለ ይመስለዋል።

አክስቴ ጴንጤ ናት። መጠጥ ቤት ልሠራ ነው ስላት አንድ ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። በማግስቱ፣

«ትጠጪያለሽ?» አለችኝ።

«አልጠጣም።»

«ትቀጂያለሽ ግን።»

«እቀዳለሁ።»

«እንግዲህ እጸልይልሻለሁ» አለችና በዚያው አለፈ።

የቤቱን ታሪክ የነገረችኝ አሰሪዬ ናት፤ እሷም በአንድ ጊዜ አይደለም፣ ብርጭቆ እያደረቀች፣ በርሜል እየቀየረች፣ ቁርጥራጩን ነው የነገረችኝ። ቤቱ መጀመሪያ የአይሪሽ አልነበረም። ባቡሩ ሲሠራ ለባቡር ሠራተኛ የተከፈተ የእንግሊዝ መጠጥ ቤት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለንደን ፈርሳ ስለነበር የሚቆፍር ሰው ተፈለገ፤ አይሪሾቹ በመርከብ መጡ። የአሰሪዬ አባት ሜዮ ከሚባለው የምዕራብ አየርላንድ አውራጃ በአንድ ሻንጣ መጥተው ዓመታት ከመሬት በታች ቧንቧና ዋሻ ሲቆፍሩ ኖሩ። ጀርባቸው እምቢ ሲል ይህን ቤት ያዙ። ያኔ ክፍል አከራዮች በራቸው ላይ አይሪሽ አንቀበልም ብለው ይለጥፉ ነበር። የተቀበሏቸውም ቢሆኑ ቶሎ ያስወጧቸዋል፤ ሥራውም ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው። ስለዚህ ሰዎቹ አድራሻ አልነበራቸውም። አድራሻቸው ይህ ቤት ነበር። ደብዳቤ እዚህ ይመጣል፣ ቴሌግራም እዚህ ይመጣል፣ በኋላም ስልኩ እዚህ ይደወላል።

ቤቱ አያምርም፤ ልዋሽ አልችልም። ከፊት ሰፊው ክፍል አለ። ከኋላ ትንሽ መድረክ ያለው አዳራሽ፤ ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጨፈርበት የነበረ፣ አሁን ወንበር የተደረደረበት። በጎን በኩል ደግሞ በሯ ለብቻዋ የሆነ ጠባብ ክፍል አለች፤ በትንሽ መስኮት ነው ከባንኮኒው የምትገናኘው። ድሮ ሴቶች ወንዶቹ ሳያዩዋቸው የሚጠጡባት ነበረች። ቄሱም ሳያያቸው ነው፣ ትላለች አሰሪዬ፤ ቄሱ ራሱ እዚያው ክፍል ካልገባ። እኔ የተቀጠርኩት ቤት ውስጥ ሲጋራ ማጨስ ከተከለከለ በኋላ ነው። ደንበኞቹ እንደሚሉት ጭሱ ሲጠፋ የቤቱ እውነተኛ ሽታ ወጣ፦ ቢራ ሲጠጣ የኖረ ምንጣፍ፣ ያረጀ እንጨት፣ ዝናብ የመታው ሱፍ።

አቀማመጣቸው በአውራጃ ነው። ሜዮዎች መስኮቱ ጋ፣ ኬሪዎች ከኋላ፣ ዶኒጎሎች በሩ ጋ። የሚያስቀምጣቸው የለም፤ ዝም ብለው ያውቁታል። እንዲህ የምንከፋፈለው እኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከምርጫው በኋላ እዚህ ለንደን ያለው የእኛ ሰው በፓርቲ ተለያይቶ የሚገባበትን ካፌ ሳይቀር ለይቷል። አይሪሾቹ ቢያንስ አንድ ጣራ ሥር ይሰዳደባሉ።

ከሜዮዎቹ አንዱ የዚህ ወሬ ባለቤት ናቸው። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው መጥተው ዕድሜ ልካቸውን የቆፈሩ ሽማግሌ ናቸው። ግራ ጆሯቸው ከመሰርሰሪያው ድምፅ የተነሳ አይሰማም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ግራቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ይቀመጣሉ። አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ ጥቁር ቢራ ይጠጣሉ፤ ከዚያ አያልፉም። በእንግሊዝኛ አንቱ የለም፤ እኔ ግን እሳቸውን ሳስብ በአንቱ ነው። አላገቡም። ከመጠጥ ቤቱ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖራሉ።

አንድ ወንድም ነበራቸው፤ አገር ቤት የቀረና የአባታቸውን መሬት የያዘ። በመሬቱ ተጣልተው ረጅም ዘመን አልተነጋገሩም። ከዚያ እንዴት እንደታረቁ አላውቅም፤ እኔ ስመጣ ወንድምየው እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በዚያ ጥቁር ስልክ ይደውላሉ። ሽማግሌው በቀኝ ጆሯቸው ያዳምጣሉ። ወሬያቸው ስለ ላምና ስለ ዝናብ ነው፤ ሌላ ሰምቼ አላውቅም። ሲዘጉ ሁልጊዜ «በሚቀጥለው በጋ እመጣለሁ ብዬዋለሁ» ይሉኛል። እንደማይሄዱ ሁላችንም እናውቃለን። ከጠቡ ወዲህ አንድም ጊዜ አልሄዱም።

አንድ ጊዜ አሰሪዬ በርሚንግሃም ያለች ልጇ ስለወለደች ለሁለት ቀን ሄደች። ቁልፉን ለእኔ ሰጠችኝ። ሰኞ ቤቱን ሳልከፍት፣ ወለሉን እየጠረግኩ ስልኩ ጮኸ። ሰኞ ጮኾ አያውቅም።

ሴት ናት። የሽማግሌው የወንድም ልጅ መሆኗን ነገረችኝ። ድምፅዋ ደርቋል።

«አባቴ ትናንት ማታ ሞተ። አጎቴ አሁን አለ?»

«ገና አልመጡም።»

«ሲመጣ ንገሪልኝ። ቀብሩ ረቡዕ ከቀትር በፊት ነው። ረቡዕ። ትነግሪዋለሽ?»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

እነግራቸዋለሁ ያልኩት ከልቤ ነው። እንዴት እንደምነግራቸው ግን ለሁለታችን አንድ አልነበረም። ያን ቀን በእጄ የነበረው ነገር ሽማግሌው ለወንድማቸው ቀብር የሚደርሱበት ጊዜ ነው። እኔ ያንን አላየሁም። እኔ የታየኝ መርዶ ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ የእኛ ሰው የለም። ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም። ባዶ ሆዱን ላለ አይነገርም። መንገድ ላይ፣ ሥራ ቦታ፣ መጠጥ ፊት ለፊት አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ተጠራርቶ ይሰበሰባል፣ ሰውዬው በልቶ እንዲያድር ይደረጋል፣ ማለዳ ሳይነጋ በሩ ይንኳኳል። በሩን ሲከፍት ብዙ ሰው ቆሞ ያያል፤ ማንም ሳይናገር ገብቶታል። እዚህም ለንደን ሰዉ እንዲሁ ያደርጋል። ሃርልስደን የእኛ ፎቅ ላይ ለነበረች ልጅ የእናቷን ስንነግራት በአራት መኪና ነው የሄድነው።

ረቡዕ ቀብር ነው መባሉን ሰምቻለሁ። ግን ባሕር ማዶ ላለ ቀብር ከዚህ ተነስቶ የሚሄድ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም። እኛ ጋ ሰው በሞተበት ቀን ይቀበራል፣ ቢዘገይ በማግስቱ ነው። ሩቅ ያለ ሰው ምንጊዜም የሚሰማው ከተቀበረ በኋላ ነው። ስለዚህ አያስቸኩልም፤ የሚያስጨንቀው አነጋገሩ ብቻ ነው።

አሰሪዬ ጋ መደወል እችል ነበር። ቁጥሩን አውጥቼ ተውኩት። አራስ ቤት ያለች ሴት ላይ መርዶ ይደወላል? አክስቴ ጋ ደወልኩ።

«ጠጪ ናቸው?» አለች።

«አንድ ተኩል ነው የሚጠጡት።»

«ያው ነው። ዛሬ እንዳትነግሪያቸው። አብልተሻቸው ይደሩ። ዘመድ አላቸው?»

«እዚህ የላቸውም።»

«ታዲያ ብቻሽን ልትነግሪያቸው ነው? ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። እኔ እመጣለሁ።»

ሽማግሌው በሰዓታቸው መጡ። ግራቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀመጡ። ጥቁሩ ቢራ በሁለት ጊዜ ነው የሚቀዳው፤ መጀመሪያ እስከ ትከሻው ይቀዳና አረፋው እስኪረጋ ይቆያል፣ ከዚያ ይሞላል። እስኪረጋ ስጠብቅ ፊታቸውን ላለማየት ብርጭቆውን አየሁ።

«ትናንት አልደወለም» አሉ።

«እንዴ?» አልኩ።

«ላም እያዋለደ ይሆናል። ላም ካለችው እኔን ይረሳል።»

ወጥ ቤት ገብቼ የአሳማ ሥጋና አይብ ያለበት ትኩስ ሳንድዊች ሠርቼ አመጣሁላቸው። አላዘዙም። ሳህኑን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ምን አጥፍቼ ነው?»

«ይብሉ። ከስተዋል።»

«እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም» አሉና ቀስ ብለው በሉት። ሌላ ጨመርኩላቸው። ግማሹን ትተው ኪሳቸውን እየዳበሱ ሲነሱ ቤቱ የጋበዘ ነው አልኳቸው። ቤቱ ጋብዞ አያውቅም። እንደተጠራጠሩኝ ያስታውቁ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቀለም ቀቢው መጣ። ይሄኛው ከሜዮ መስኮት የማይጠፋ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው፤ ከሽማግሌው ጋር ለብዙ ዘመን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እሱን በአንቱ አላስበውም፤ ቀልዱ አያስችለኝም። ለሱ መንገር ነበረብኝ፤ ግን ማምሻውን አንድ ሁለት ካለ በኋላ ያመልጠዋል ብዬ ፈራሁ።

«ነገ በማለዳ፣ ሳይነጋ፣ እዚህ በር ላይ ትመጣልኛለህ?» አልኩት።

«ምን ልናደርግ?»

«ስትመጣ እነግርሃለሁ። ለማንም አትናገር።»

«ልጅት፣ ለእንዲህ ያለ ነገር ሃያ ዓመት ዘግይተሻል።»

«ቀልዴን አይደለም።»

«እኔስ መች ቀለድኩ» አለ። እመጣለሁ ብሎ ግን ሄደ።

ማክሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ከአክስቴ ጋር ደረስን። አክስቴ ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሻርፕ ለብሳ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን በፌስታል ይዛለች። የመጠጥ ቤቱን ምልክት ቀና ብላ አየችና ፊቷን አዞረች። ቀለም ቀቢው ቀድሞን ደርሷል። በትከሻው መሰላል ተሸክሟል፣ በሌላው እጁ ባልዲ። አሰሪዬ ሳትመለስ ጣራውን በድብቅ ላስቀባላት የፈለግኩ መስሎት ነው።

«ይቺ ማናት?» አለኝ አክስቴን እያየ። «እሷም ትቀባለች?»

ነገርኩት። ወንድማቸው ሞቷል፤ አብረን ሄደን ልንነግራቸው ነው።

መሰላሉን ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«መቼ ነው የሞተው?»

«እሁድ ማታ።»

«አንቺ መቼ ሰማሽ?»

«ትናንት ጠዋት።»

«ትናንት ጠዋት» አለ ቀስ ብሎ። «ትናንት አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ፈረስ ውድድር ሳወራው አንቺ ታውቂ ነበር።»

«አዎ።»

«ቀብሩ መቼ ነው?»

«ነገ።»

የተናገረውን አልጽፈውም። አክስቴ እጄን ጎተተችኝ።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«ትናንት መንገር ነበረብሽ ይላል። ቀብሩ ነገ ነው።»

«ነገ?» አለች አክስቴ። «እስካሁን አልቀበሩትም? ሦስት ቀን ሙሉ ምን ይጠብቃሉ?»

ተረጎምኩለት።

«እሱን ነዋ» አለ ቀለም ቀቢው። «እሱን ነው የሚጠብቁት።»

ያኔ ነው የገባኝ። ቀለም ቀቢውን ተከትለን ወደ ሽማግሌው ክፍል ሄድን።

ሽማግሌው በሩን የከፈቱት በካልሲ ነው። እኛ ባሰብነው መንገድ አልሆነም። ቀለም ቀቢው ከደፉ ሳያልፍ «ወንድምህ ሞቷል፣ እሁድ ማታ። ነገ ይቀብሩታል። ጫማህን አድርግ» አላቸው። በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረው። እኛ ጋ እንዲህ የተናገረ ሰው ዕድሜ ልኩን ይወራበታል።

ሽማግሌው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሬዲዮ ናት። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ትናንት ያበላሽኝ ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

አክስቴ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች፣ እጃቸውን ያዘችና ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ አውጥታ፣ እንደራሷ ወንድም። እሳቸው አላለቀሱም። ነፃ በሆነው እጃቸው ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ሰጧት።

«ማናት?» አሉት ቀለም ቀቢውን።

«እኔ እንጃ» አለ። «ከልጅቷ ጋር ነው የመጣችው። ይልቅ ፓስፖርት አለህ?»

የላቸውም። ስለዚህ አውሮፕላን አይሆንም፤ ከዩስተን በባቡር ሆሊሄድ ድረስ፣ ከዚያ ፓስፖርት በማይጠይቀው መርከብ ደብሊን። ትናንት ቢነሱ ኖሮ ዛሬ ማታ ሬሳው ካለበት ቤት ያድሩ ነበር። ዛሬ ከተነሱ ደብሊን ሲደርሱ ወደ ምዕራብ የሚሄደው የመጨረሻው ባቡር ያመልጣል። ቀለም ቀቢው ይህን ሁሉ ያወቀው ምንም ሳያይ ነው፤ መንገዱን ሁሉም በቃላቸው ነው የሚያውቁት።

«ኮቱን አምጪ» አለኝ።

«የትኛውን ኮት?»

«ጠባቧ ክፍል ውስጥ ያለውን ጥቁር ኮት፣ የትኛውን ይሆናል።»

ያ ኮት ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ አውቀዋለሁ። የአሰሪዬ አባት ማስታወሻ መስሎኝ አቧራውን ብቻ እያራገፍኩ እተወው ነበር። ሮጬ አመጣሁት። ከባድ ሱፍ ነው፣ ክርኑ ላይ ተጥፏል። ለሽማግሌው ትከሻው ሰፋቸው፣ እጅጌው ጣታቸውን ሸፈነ። ቀለም ቀቢው እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፈላቸውና ታክሲ ያዙ። መሰላሉ የመጠጥ ቤቱ በር ላይ ቀረ።

አሰሪዬ ማምሻውን ተመለሰች። ሽማግሌውን ዩስተን አድርሶ ከመጣው ከቀለም ቀቢው ሰምታለች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ባንኮኒው ላይ ተደገፈች።

«ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ልጅሽ ወልዳለች። አራስ ቤት መርዶ አይደወልም።»

«እኛ ጋ ይደወላል» አለች። «እኛ ጋ ሙሽራ ላይም ይደወላል።»

ከዚያ ሳትቆጣ፣ ግን ሳታባብለኝም፣ ነገረችኝ። ለስልኩ የአባቷ ደንብ አንድ ብቻ ነበር ትላለች፦ የሞት ወሬ ሲመጣ ሰውዬው ያለበት ቦታ ተሂዶ ወዲያው ይነገረዋል። ጉድጓድ ውስጥ ከሆነ ጉድጓዱ ድረስ። መርከቡ አይጠብቅም። ኮቱንም የገዙት አባቷ ናቸው። ሰዎቹ ከሥራ ልብስ በቀር ስላልነበራቸው፣ በጭቃ ልብስ እናታቸው ቀብር ላይ እንዳይቆሙ ብለው። ኮቱ ስንቴ ባሕሩን እንደተሻገረ የሚያውቅ የለም፤ ሁልጊዜ ግን ተመልሶ መጥቷል።

«አንድ ጊዜ ብቻ አባቴ ዘገየ» አለች። «ከክሌር አውራጃ የመጣ ልጅ ነበር። ቅዳሜ ነው፣ ከኋላ አዳራሽ ከአንዲት ልጅ ጋር እየጨፈረ ነው። አባቴን አሳዘነው፤ ዘፈኑን ይጨርስ አለ። ከዚያ አንድ ሌላ ዘፈን። የእናቱ ቀብር አመለጠው። ልጁ እዚህ ቤት ዳግመኛ አልገባም። ክሌሮቹ በሙሉ ተከትለውት ወጡ።»

እውነትም የክሌር ጠረጴዛ የለም። ታች መንገድ ላይ ያለው ቤት ነው የሚጠጡት። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

«ታባርሪኛለሽ?» አልኳት።

«አንቺ ራስሽ ካልሄድሽ አላባርርሽም። እሱ ካልተመለሰ ግን መስኮቱ ጋ ያሉት ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም።»

የዚያን ጊዜ መተው አማረኝ። የለመድኩት ነው፤ ሌላ ቦታ አፕላይ አድርጌ እሄዳለሁ። ግን ሽማግሌው ደረሱ አልደረሱ ሳላውቅ መሄድ አልቻልኩም። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ስልኩ ሥር ቆሜ ነበር። አልተደወለም። ሜዮዎቹ እኔን ሲያዝዙ «እባክሽ» ማለት ጀመሩ፤ እባክሽ ብለውኝ አያውቁም። ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌው ሁለት ሳምንት ቆይተው ተመለሱ። ኮቱን አጥፈው በክንዳቸው ይዘውታል። በእኔ በኩል አልፈው ለአሰሪዬ ሰጧት፣ ቢራቸውንም ከእሷ አዘዙ። እኔን አላዩኝም። ከዚያ ለጠረጴዛቸው መናገር ጀመሩ፤ ለእኔ ባይሆንም ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

ደብሊን ጣቢያ ወንበር ላይ አድረው በመጀመሪያው ባቡር ሄዱ። የወንድማቸው ትንሹ ልጅ ከጣቢያው ተቀብሎ በመኪና ሲያከንፋቸው ቅዳሴው አልቆ ሳጥኑ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ነበር። ተሸካሚዎቹ አዩአቸውና ቆሙ። አንዱ ወጥቶ ቦታውን ሰጣቸው።

«እነዚያ ልጆች ዝሆን ያካክላሉ» አሉ። «ሳጥኑ በእኔ በኩል ዘመመ። ወንድሜ ወደ እኔ ተንሸራተተ። ዕድሜ ልኩን ወደ እኔ ያልመጣ ሰው።»

መስኮቱ ጋ ያሉት ሳቁ። እሳቸውም ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ግማሿን ለማዘዝ ተነሱና ወደ እኔ መጡ።

«ሁለት ሌሊት አብረውት አድረዋል» አሉኝ። «መንደሩ በሙሉ። ፊቱን አይተዋል። እኔ ያየሁት እንጨቱን ነው። ይህን አልረሳልሽም።»

«አውቃለሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እናንተ ጋ እንደዚህ ነው የሚደረገው? ሰው ታበሉና ማለዳ ትመጣላችሁ?»

«አዎ። እኛ ጋ ሬሳ አያድርም። ሩቅ ያለ ሰው አይጠበቅም።»

«እና ያንቺ ሰው ቢሞት?»

«ከተቀበረ በኋላ ነው የምሰማው።»

ቢራቸውን በሁለት ጊዜ ቀዳሁ። እስኪረጋ ሁለታችንም ጠበቅን።

«ማነው የሚነግርሽ?»

«አክስቴ። የእሷ ሰዎች።»

«ያቺ ያለቀሰችልኝ?» አሉ። «እሷስ የሞተች እንደሆነ?»

ይህን አስቤው አላውቅም። እንጃ አልኳቸው።

«የዚህን ስልክ ቁጥር አገር ቤት ላሉት ስጫቸው» አሉ። «ለአክስትሽም ስጫት። ሰው ቁጥር ሊኖረው ይገባል።» ብርጭቆውን ይዘው ወደ መስኮቱ ተመለሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከእኔ ያዝዛሉ፤ ወሬ ግን እንደድሮው አያበዙም።

ቤት ስገባ ለአክስቴ ነገርኳት። ሳሎን ተቀምጣ ልብስ ታጥፍ ነበር።

«እኔ መጠጥ ቤት ልደውል?» አለች።

«ለመርዶ ብቻ። ምናልባት ከዚህ ሶፋ ከወጣሁ።»

የያዘችውን አንሶላ አጥፋ ጨረሰችና ሌላ አነሳች።

«የሚነገረውማ ማለዳ ነው» አለች። «በማለዳ ማን ያነሳዋል?»

«አሰሪዬ ፎቁ ላይ ነው የምትኖረው። ታነሳለች።»

«እንግሊዝኛዬ አይገባትም።»

«ስሜን ብቻ ጥሪላት። እሷ ይገባታል።»

አክስቴ አንሶላውን አስቀምጣ ሞባይሏን አንስታ ወረወረችልኝ፣ ቁጥሩን እንድመዘግብላት።